ክራውን ከመልበሱ በፊት፦ ጥርስ እንዴት ይሞረዳል? ጥሩ ሥራስ በምን ይታወቃል?

አክስቴ ቆሎ ስትቆረጥም ክራውኗ፣ ጥርሷ ላይ የለበሰችው ሰው ሠራሽ ቆብ፣ ወለቀ። በመሀረብ ጠቅልላ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችው። «ማጣበቂያው ለቆ ነው» ብለው መልሰው ለጠፉላት። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና ወለቀ። አሁንም ለጠፉላት። በሦስተኛው ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች። እሱ ስለ ማጣበቂያው ምንም አላወራም። መስታወት ሰጣትና ከክራውኑ ሥር የነበረውን የራሷን ጥርስ አሳያት። «ይዩት እማማ፣ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾሏል። በምን ይያዝ?» አላት።

እኔም ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መከታተል የጀመርኩት። ስለ ክራውን ስናወራ የምናየው ከላይ ያለውን ነው፤ ንጣቱን፣ ማማሩን፣ ዋጋውን። ዕድሜው ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ከሥር ነው፤ ሐኪሙ ጥርሱን በሞረደባት በዚያች አንድ ሰዓት።

ጉዳዩ አሁን የብዙ ሰው ሆኗል። ስልካችን ላይ «ሆሊውድ ስማይል» የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። በብሪታንያ ደግሞ ወጣቶች ወደ ቱርክ እየሄዱ ጥርሳቸውን አስሞርደው መመለሳቸው «የቱርክ ጥርስ» የሚል ስም እስከማሰጠት ደርሷል። የብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም አስጠንቅቋል። በቪዲዮዎቹ ላይ ትንንሽ ችካል የመሰሉ ጥርሶች ይታያሉ። ያየ ሁሉ ይደነግጣል። ድንጋጤው ከፊሉ ተገቢ ነው። ከፊሉ ግን ካለማወቅ ይመጣል፤ ሙሉ ክራውን ጥርስ ሳይሞረድ አይሠራምና። መጠየቅ ያለበት ስንት ተሞረደ፣ በምን ቅርጽ፣ ለምንስ ሲባል የሚለው ነው።

ክራውን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቃሉ ዘውድ ማለት ነው። አናቱን፣ ጎኑን፣ ጀርባውን እስከ ድዱ ድረስ ጥርሱን የሚያለብስ ቆብ ነው። ከወርቅና ከሌላ ብረት፣ ከፖርስሊን፣ ወይም አሁን እንደተለመደው ዚርኮኒያ ከሚባል ጠንካራ ነጭ ሴራሚክ ይሠራል። ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርስሊን የሆነም አለ። ለአሥርት ዓመታት በብዛት ሲሠራ የኖረው እሱ ነው።

ቬኒየር የሚባለው ሌላ ነው። ስስ ቅጠል ነገር ነው፤ የጥርሱ ፊት ላይ ብቻ ይለጠፋል፤ ጥፍር ላይ እንደሚለጠፈው ሰው ሠራሽ ጥፍር። ይህን ልዩነት ማወቅ በጣም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የፊት ጥርሶችን በተለያየ መንገድ ሞርዶ የጠፋውን በሚዛን መዝኖታል። ለቬኒየር የተወሰደው እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 30 በመቶ ነበር። ለሙሉ ክራውን ግን ከድድ በላይ ካለው የጥርሱ ክፍል ከ63 እስከ 72 በመቶው ሄዷል። ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። «ቬኒየር ነው» ተብሎ ክራውን የተሠራለት ሰው ያጣው ይህንን ነው። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም።

ጥርሱ ተሰብሮ፣ ተሰንጥቆ፣ አብዛኛው ክፍሉ ተበልቶ ወይም የመንጋጋ ጥርስ የነርቭ ሕክምና ተደርጎለት ከሆነ ክራውን ትልቅ ባለውለታ ነው። ጥርሱን አቅፎ ይይዘዋል፣ ከመነቀል ያድነዋል። ጤነኛ ጥርስ ላይ ለማማር ብቻ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ለምን ይሞረዳል? እንዲሁ ከላይ ማልበስ አይቻልም ወይ?

ቤቱን ሴራሚክ ያስነጠፈ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ነባሩ ወለል ሳይነሳ ሴራሚኩ ከላይ ከተነጠፈ ወለሉ ከፍ ይላል፣ በሩ አልከፈትም ይላል። ጥርስም እንደዚያው ነው። ክራውኑ የራሱ ውፍረት አለው። ለዚያ ውፍረት ቦታ ካልተለቀቀለት ጥርሱ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ አፍ ሲገጠም ቀድሞ የሚነካው እሱ ይሆናል። ያኔ ጥርሱ ሲነክሱበት ያማል፣ መንጋጋ ይደክማል፣ ክራውኑም ይሰነጠቃል። ጎኑ ላይ ቦታ ካልተለቀቀ ደግሞ ጥርሱ ይወፍራል፣ ድዱን ይጫናል፣ ሥሩ ቆሻሻ ይይዛል።

ስንት ይሞረድ? የሚለበሰው ነገር ይወስነዋል። በመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ በኩል ለሙሉ ብረት ወይም ለወርቅ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይበቃል። ብረትና ፖርስሊን አንድ ላይ ሲሆኑ 2 ሚሊሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ለሁለቱም ቦታ መኖር አለበትና። ዚርኮኒያ ብቻውን ከሆነ 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያም በታች ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ ምን እንደሚለበስ ከመሞረዱ በፊት መወሰን አለበት። መጀመሪያ ሞርዶ «አሁን የቱን ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ልክ ሳይወስዱ ጨርቅ እንደ መቁረጥ ነው።

አናቱ እንደ ጠረጴዛ ተደልድሎ መቆረጥም የለበትም። የመንጋጋ ጥርስ ጉብታና ሸለቆ አለው። ሲሞረድም ያው መልክ ሳይጠፋ፣ መጠኑ ብቻ አንሶ ነው መቅረት ያለበት። ጠፍጣፋ ሆኖ ከተቆረጠ ሸለቆው ላይ ክራውኑ ይሳሳል፣ ወይም ጉብታው ያለ አግባብ ተቆርጦ ይጠፋል። የማኘኩን ሸክም የሚሸከሙት ጉብታዎች ላይ ትንሽ ተጨማሪ ይወሰዳል። እነዚህ ከታች መንጋጋ በጉንጭ በኩል፣ ከላይ መንጋጋ በላንቃ በኩል ያሉት ናቸው።

አንድ ሚሊሜትር በዓይን አይለካም፤ አፍ ውስጥ፣ ምራቅና ምላስ መሀል ሲሆን ደግሞ ይበልጡን። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪም መላ አለው። ከመጀመሩ በፊት የጥርሱን ቅርጽ በሲሊኮን ያትማል። መጀመሪያ ውፍረቱ በሚታወቅ ሞረድ ትንንሽ ቦዮች ያወጣል፤ ከዚያ በቦዮቹ መሀል የቀረውን ያነሳል። ሲጨርስ ያተመውን ሲሊኮን መልሶ አስቀምጦ ክፍተቱን ያያል። ለስላሳ ሰምም ያስነክሳችሁና የሰሙን ውፍረት ይለካል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ብታዩት «ምን ያቆየዋል» አትበሉ። የምትከፍሉት ለዚሁ ነው።

ታዲያ ለምን ይወልቃል?

ሲኒና ብርጭቆ አስቡ። ሲኒ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ነው። አንዱን በአንዱ ላይ ደፍታችሁ ስታነሱት ወዲያው ይለቃል። ግድግዳቸው ቀጥ ያሉ ሁለት ብርጭቆዎች ግን አንዱ ሌላው ውስጥ ከገባ ማላቀቁ መከራ ነው። ጥርስና ክራውንም በዚሁ ሕግ ነው የሚኖሩት። የተሞረደው ጥርስ ግድግዳ ወደ ቀጥታ በቀረበ ቁጥር ክራውኑ ጥብቅ ይላል። ወደ አናቱ በሾለ ቁጥር ይላላል።

እ.ኤ.አ. በ1955 ዴንማርካዊው ተመራማሪ ዮርገንሰን ይህን በሙከራ አሳይቷል። የግድግዳዎቹ መጋደል ሲጨምር ክራውኑን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነት ይወርዳል። ለዚህ ነው ለረጅም ጊዜ 6 ዲግሪ እንደ ጥሩ መለኪያ ሲሰጥ የኖረው። 6 ዲግሪ ስንት ነው? የግድግዳ ሰዓት ተመልከቱ። በሁለት የደቂቃ ምልክቶች መካከል ያለው ያ ጠባብ ክፍተት 6 ዲግሪ ነው። ሁለቱ የጥርሱ ጎኖች እርስ በርስ የሚጋደሉት በዚያ ልክ ብቻ ይሁን ማለት ነው። በእጅ፣ በአፍ ውስጥ፣ ከኋለኛው መንጋጋ ላይ ይህን ማድረስ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ አሁን በተግባር የሚመከረው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ነው፤ በሰዓቱ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ገደማ።

ቁመትም አለ። ሲሞረድ የሚቀረው ጥርስ በጣም ካጠረ ግድግዳው ምንም ያህል ቀጥ ቢል አይዝም። ለፊት ጥርሶችና ከመንጋጋ ፊት ላሉት ቢያንስ 3 ሚሊሜትር፣ ለመንጋጋ ጥርስ 4 ሚሊሜትር ቁመት እንዲቀር ይመከራል። ካነሰ መፍትሔ አለው። በጎኖቹ ላይ ቀጥ ያሉ ትንንሽ ቦዮች ይወጣሉ፤ ክራውኑም በቦዮቹ ላይ ተንሸራትቶ ይገባል። በሌላ አቅጣጫ መውጣት አይችልም። አክስቴን ያዳናት ይኸው ነው። ሐኪሙ የሾለውን ጥርስ ይበልጥ አልሞረደውም። ሁለት ቦይ አወጣለትና አዲስ ክራውን እንዲሠራ ልክ ወሰደ።

«ማጣበቂያውስ?» ትሉ ይሆናል። የተለመዱት ማጣበቂያዎች በዋናነት በጥርሱና በክራውኑ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ይሞላሉ፣ መንሸራተቱን ይከላከላሉ። ከጥርሱ ጋር በኬሚካል የሚጣበቁ ዘመናዊ ዓይነቶች አሉ፤ ይረዳሉ። የተበላሸ ቅርጽን ግን ለዓመታት አይሸከሙም። ደጋግሞ የሚወልቅ ክራውን በአብዛኛው የቅርጽ ችግር ነው።

ተቃራኒውም ስሕተት ያጋጥማል። ጥርሱ ታቹ ጠቦ መሀሉ ከሰፋ ክራውኑ መግባት አይችልም። መሀሉን እንዲያልፍ ተደርጎ ከሰፋ ደግሞ ከታች ይላላል። አንጓው ወፍራም በሆነ ጣት ላይ ቀለበት ያጠለቀ ሰው ያውቀዋል፤ አንጓውን ያለፈ ቀለበት ከሥር ይዞራል።

ጠርዙ ላይ ለምን ይህን ያህል ትኩረት ይደረጋል?

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይህ ክፍል ነው። ጠርዝ የምንለው ክራውኑ አልቆ የራሳችሁ ጥርስ የሚጀምርበት፣ ጥርሱን ዙሪያውን የሚከብ መስመር ነው።

እንጀራ የሚጋግር ሁሉ ምጣድና አክንባሎን ያውቃል። አክንባሎው በአንድ በኩል እንኳ ካልተገጠመ እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፣ እንጀራውም በዚያ በኩል ይበላሻል። ጥርስ ላይ ደግሞ ነገሩ የሚገባ ነው። ምራቅ፣ ስኳርና ባክቴሪያ በክፍተቱ ሾልከው ይገባሉ። ብሩሽ አይደርስባቸውም። ከክራውኑ ሥር መበስበስ ይጀምራል፤ ከላይ ጥርሱ ነጭ፣ ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። በተለይ የነርቭ ሕክምና የተደረገለት ጥርስ ከሆነ ሕመም እንኳ አይሰማም። ሰው የሚያውቀው አንድ ቀን ክራውኑ ከጥርሱ ጉማጅ ጋር እጁ ላይ ሲቀር ነው።

ታዲያ ስንት ክፍተት ይፈቀዳል? እ.ኤ.አ. በ1971 በብሪታንያ የታተመ ሥራ አለ። ተመራማሪዎቹ ከ1,000 በላይ የተለጠፉ ሥራዎችን ለ5 ዓመት ተከታትለው 120 ማይክሮንን ተቀባይ ድንበር አደረጉ። 120 ማይክሮን ከአንድ ሚሊሜትር ስምንተኛ ያነሰ ነው፤ ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ዛሬም ድረስ ብዙ ጥናት የሚለካው በዚያ ቁጥር ነው። ሰው በእጁ ከሚሠራቸው ነገሮች ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቁ ብዙ አይመስሉኝም።

እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ሐኪሙ የሚያወጣው መስመር መታየት አለበት። ጥርት ያለ፣ ሳይቆራረጥ ዙሪያውን የሚሄድ፣ ለስላሳ ትንሽ ደረጃ። ደረጃው ቀጥ ያለ ወይም ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ እንደሚለበሰው ነገር ይለያያል። ለብረት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይበቃዋል፣ ፖርስሊን ላለበት 1 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይወጣል። መስመሩ ደብዛዛ ከሆነ በላቦራቶሪ ያለው ቴክኒሺያን ክራውኑን የት እንደሚጨርሰው አያውቅም። ይገምታል። በግምት የተሠራ ጠርዝ ደግሞ ወይ ያጥራል ወይ ያልፋል።

ሌላው ነገር ሹል ማዕዘን ነው። ሴራሚክ መጨመቅን ይችላል፣ በሹል ነገር ላይ መጎበጥን ግን አይወድም፤ ስንጥቅ ከዚያ ይነሳል። ስለዚህ ማዕዘኖቹ ሁሉ ክብ ክብ ተደርገው መለስለስ አለባቸው። ለብረት ብዙም የማያሳስበው ነገር ለሴራሚክ የሞት ሽረት ነው።

ጠርዙ ከድዱ በላይ ነው ወይስ ከሥር መቆም ያለበት? በተቻለ መጠን ከላይ። ይታያል፣ ይጸዳል፣ ልኩም በደንብ ይወሰዳል። የፊት ጥርስ ላይ መስመሩ እንዳይታይ፣ ወይም የድሮው ብስባሽ ወርዶ ስለነበር ጥቂት ከድዱ ሥር ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ወሰን አለው። ድድ ከአጥንቱ በላይ ጥርሱን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝበት ቀበቶ አለ። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ልኬት አማካይ ስፋቱን 2 ሚሊሜትር ያህል አድርጎታል። የክራውኑ ጠርዝ ወደዚያ ቀበቶ ከገባ ሰውነት አይታገሰውም። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲቦርሹት ይደማል፣ አጥንቱም ቀስ በቀስ ይሸሻል። ብዙ ሰው «ክራውን አልተስማማኝም» የሚለው አንዳንዴ ይህንን ነው።

ነርቩ ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?

ሊሆን ይችላል። ጥርስ ላዩ ኢናሜል ነው፤ ሕመም አይሰማውም። ከሥሩ ዴንቲን አለ። ዴንቲን በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የሞሉበት ነው፤ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ሁሉም ወደ መሀሉ፣ ሰዉ ነርቭ ወደሚለው ሕያው ክፍል ያመራሉ። ጥርስ ሲሞረድ እነዚህ ቱቦዎች ይከፈታሉ። በተሞረደ ቁጥርም ነርቩ ይቀርባል።

ከዚያ ሙቀት አለ። የጥርስ ሞረድ በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ የታወቀ ሙከራ ነበር። የነርቩ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ብቻ ሲጨምር 15 በመቶ ያህሉ ጥርሶች ነርቭ ሳያገግም ቀርቷል። በጣም ትንሽ ጭማሪ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ ኃይለኛ ትኩሳት ሲነሳ እንኳ ያን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ ሲሞረድ ውሃ ሳይቋረጥ መረጨት አለበት፣ ሞረዱም ስለት ያለው፣ ያልደነዘዘ መሆን አለበት፣ እጁም እየነካ እየተወ መሥራት አለበት። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁና ውሃው ከቆመ እጃችሁን አንሡ። ማደንዘዣ ስለተወጋችሁ አይሰማችሁም፤ ጥርሱ ግን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በስኮትላንድ የወጣ ጥናት ክራውን ሲሠራላቸው ነርቫቸው ሕያው የነበሩ 458 ጥርሶችን በራጅ አይቷል። 19 በመቶው ላይ ከሥራቸው ጫፍ የበሽታ ምልክት ተገኝቷል። ጥፋቱ ሁሉ የመሞረዱ አይደለም። ብዙዎቹ ቀድሞም በመበስበስና በመሙላት የተጎዱ ነበሩ። ቢሆንም ሐኪም ይህን ዕድል አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል።

አሁን ወደ ጤነኛው ጥርስ ልመለስ። የወጣት ሰው ነርቭ ሰፊ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ነው እየጠበበ የሚሄደው። ስለዚህ የ20 ዓመት ልጅን ጥርስ መሞረድ የ60 ዓመት ሰውን ከመሞረድ ይልቅ ለነርቩ አደገኛ ነው። ክራውን ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። በደንብ ከተሠሩት ከ100 ውስጥ 95 ያህሉ ከ5 ዓመት በኋላም ይገኛሉ፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ከዚያም በላይ የሚቆይ ብዙ ነው። በ20 ዓመቱ ሃያ ጤነኛ ጥርስ ያስለበሰ ልጅ ግን በሕይወቱ ሦስት አራት ጊዜ መቀየሩ አይቀርም። በየቅያሬው ደግሞ ትንሽ ጥርስ አብሮ ይሄዳል። ይህን ሳይነገረው ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ወጣት ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ጥርሱ ተሰብሮ ጥቂት ብቻ ከቀረስ?

የዶማ እጀታ እንዳይሰነጠቅ አፉ ላይ የብረት ቀለበት ይታሰርበታል። ክራውንም ለተሰበረ ጥርስ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ቀለበቱ እንዲያቅፍ ግን የሚታቀፍ እንጨት መኖር አለበት። ከጠርዙ በላይ ዙሪያውን ቢያንስ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ጤነኛ ጥርስ ሊኖር ይገባል። ያ ከሌለ፣ ሥሩ ውስጥ ዘንግ ተተክሎ በላዩ በመሙያ ቢገነባም፣ ሸክሙ ሁሉ ሥሩ ላይ ያርፋል። ሥሩ ለሁለት ይሰነጠቃል። ያኔ መነቀል ነው። አንዳንዴ ሐኪም «ይህ ጥርስ ክራውን አይይዝም» ሲል ገንዘብ ጠልቶ አይደለም፤ ይህንኑ ለክቶ ነው።

ብሪጅ ሲሆንስ?

በብሪጅ፣ ማለትም በድልድይ፣ በጎደለው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ይሞረዱና የተያያዘ ክራውን ይለብሳሉ። ከላይ ያልኩት ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ይጨመራል። መሬት ላይ ሁለት ችካል ተክላችሁ ሁለት ቀዳዳ ያለው ጣውላ ልታጠልቁባቸው አስቡ። ችካሎቹ ወደተለያየ ጎን ከዘመሙ ጣውላው አይገባም። ጥርሶቹም ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው መሞረድ አለባቸው። ጥርስ ከተነቀለ ቆይቶ ከሆነ ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ያዘማል፤ እሱን ለማቃናት ብዙ መሞረድ፣ አልፎ ተርፎም ነርቩን መንካት ሊመጣ ይችላል። ጎረቤቶቹ ጤነኞች ከሆኑ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እነሱን ሳይነካ ያልፋል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል።

በስካነር ከተሠራ ስሕተት አይኖርም፣ አይደል?

የጥርሱን ልክ በምስል የሚወስደው ስካነር ጥሩ መሣሪያ ነው። አፍን ሞልቶ የሚያቅለሸልሸውን የልክ መውሰጃ ሊጥ ያስቀራል። ነገር ግን ካሜራ ነው፤ ብርሃን የደረሰበትን ብቻ ያያል። ጠርዙ በደም ወይም በምራቅ ከተሸፈነ አያየውም። ሲሊኮኑም ቢሆን በደም ላይ አያትምም። ለዚህ ነው ልክ ከመወሰዱ በፊት ድዱን ገለል የሚያደርግ ቀጭን ክር ዙሪያውን የሚገባው። ለዚህም ነው የሚደማ ድድ መጀመሪያ መታከም ያለበት። ማሽኑ የሾለን ጥርስ አያቃናም። የሾለውን በትክክል ለክቶ፣ በትክክል የሚወልቅ ክራውን ይሠራል።

ለጥቂት ቀን ሄዶ ሁሉንም ማስጨረስስ?

ከአሜሪካ ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥርሳቸውን ጨርሰው መመለስ ይፈልጋሉ። ይገባኛል። እዚያ የተለመደው የጥርስ ኢንሹራንስ ለክራውን ግማሽ ገደማውን ብቻ ነው የሚከፍለው፣ የዓመት ጣሪያም አለው። አንድ ሁለት ክራውን በዚያ ጊዜ በደንብ ሊሠራ ይችላል። ሃያ ጥርስ በአራትና በአምስት ቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ድድ ለመዳን፣ ንክሻ ለመስተካከል፣ የተሞረደ ነርቭ ለመረጋጋት ጊዜ ይፈልጋል። በመሀሉ የሚለበሰው ጊዜያዊ ክራውንም ለመልክ ብቻ አይደለም። የተከፈቱትን ቱቦዎች ይሸፍናል፣ ጥርሱ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ይይዛል። በአዲሱ ቁመት ማኘክ መናገር መቻላችሁም የሚታየው በእሱ ነው።

ጥርሴ ከልጅነቴ ቡናማ ነው፣ ክራውን ላድርግ?

በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ይህን ይጠይቃል። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ዝዋይ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በሸለቆው ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ገና አጥንት ውስጥ ሲሠራ ያ ውሃ ቀለሙን ይለውጠዋል። እዚህ ላይ የእኔ ልመና አንድ ነው። ቀለም ስለተለወጠ ብቻ ሁለት ሦስተኛ ጥርስ አይሞረድ። መጀመሪያ ማንጣት፣ ላዩን በስሱ መፋቅ፣ ከዚያም በነጭ መሙያ መሸፈን ወይም ቬኒየር አለ። ኢናሜሉ ተቦርቡሮ የተፈረፈረ ከሆነ ክራውን ሊያስፈልግ ይችላል፤ የመጨረሻው እሱ ነው።

ሐኪሙን ምን ልጠይቀው?

ከመሞረዱ በፊት፦ ለምን ክራውን? ያነሰ የሚሞርድ አማራጭ የለም? ምን ዓይነት ይለበሳል፣ ለዚያስ ስንት ሚሊሜትር ይነሳል? ራጅ ይነሣል? ነርቩ ቢታመም ምን ይደረጋል? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ አይቀየምም። ብዙዎቹ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ከተሞረደ በኋላ መስታወት ወይም ፎቶ ጠይቁ። ጎኖቹ ቀጥ ብለዋል ወይስ ሾለዋል? ዙሪያውን ጥርት ያለ መስመር ይታያል? ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ትልቁ ዕድል ግን ክራውኑ ከላቦራቶሪ መጥቶ፣ ሳይለጠፍ በፊት የሚሞከርባት ሰዓት ናት። ከተለጠፈ በኋላ ለማስተካከል መስበር ይመጣል። ሲጫኑት መንቃነቅ የለበትም። ባለቀለም ወረቀት ሲነክሱ እሱ ብቻውን ቀድሞ መነካት የለበትም። የጥርስ ክር በሁለቱም ጎን በመጠኑ እየጠበቀ ማለፍ አለበት፤ ላልቶ ከገባ ምግብ ይሸጎጣል፣ ከተበጠሰ ደግሞ ጠርዙ ሻካራ ነው ወይም አልፏል።

የአክስቴ አዲሱ ክራውን ሲመጣ አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሙ ማጣበቂያውን ሊያዋህድ ሲል «ቆይ አንዴ ልጄ» አለችና ክሩን ራሷ አስገብታ ሞከረችው። በአንድ በኩል አለፈ። በሌላው በኩል ተበጠሰ። ሐኪሙ አጉሊ መነጽሩን አድርጎ አየና ክራውኑን በትንሿ ሣጥን መልሶ ወደ ላቦራቶሪ ላከው። ሌላ ሦስት ቀን ጠበቀች።